እሺታ ውስጥ ያለ እምቢታ፦ ስቴቶች ለፌዴራል የትምህርት ሕግ የሰጡት መልስ



የዛሬው ርእሳችን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በትምህርት ላይ ሕግ ሲያወጣ ስቴቶች ምን እንደሚመልሱ ነው። ሲሰሙት የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ልጆቻችን በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የሚፈተኑት ፈተና፣ ከትምህርት ቤት የሚላክልን የውጤት ወረቀት፣ አዲስ የመጣ ልጅ ከኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከተዘጋጀው ክፍል፣ የሚወጣበት ነጥብ፣ ሁሉም የዚህ ክርክር ውጤቶች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀድም። ስቴቶች ከዋሽንግተን የመጣን የትምህርት ሕግ ፊት ለፊት እምቢ ያሉበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ እሺ ብለዋል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እንደሚባለው፣ እሺ ያለ ስቴት ገንዘቡን አይነጠቅም። ነገር ግን ሕጉ ለስቴቶቹ የተወላቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ማለፍ ማለት ስንት ማምጣት ነው? አንድ ቡድን ለብቻው የሚቆጠረው ስንት ልጅ ሲኖረው ነው? ግቡስ በየትኛው ዓመት ይደረስበታል? የስቴቶቹ እውነተኛ መልስ ያለው እነዚህን ጥያቄዎች በመለሱበት መንገድ ላይ ነው። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ክሱና ስለ ጩኸቱ ነው፤ ልጆችን የነካቸው ግን ማንም ያላየው የመመሪያ አንቀጽ ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው ሚኒስትሪ ተፈትነን፣ ማትሪክ ጠብቀን ነው። ፈተናው ከአዲስ አበባ ታሽጎ ይመጣል፤ ማለፊያውም ከዚያው ይነገራል። ስለዚህ እዚህም ዋሽንግተን የተቀመጠ መሥሪያ ቤት ለሁሉም ልጅ አንድ ፈተና የሚያወጣ ይመስለናል። እንዲህ ያለ ፈተና የለም። ቨርጂኒያ የራሷን ኤስኦኤል፣ ሜሪላንድ የራሷን ኤምካፕ ትፈትናለች፤ ማለፊያውንም እያንዳንዳቸው ይቆርጣሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ትምህርት» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አያነሳም። ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ሥልጣን የስቴቶችና የሕዝቡ ነው ይላል አሥረኛው ማሻሻያ፤ ትምህርትም በዚያው ሥር ወደቀ። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ የፌዴራሉ ድርሻ በአብዛኛው ዓመት ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። የተቀረውን የሚያወጡት ስቴቶቹና ካውንቲዎቹ ናቸው፤ ቤት ያላችሁ በየዓመቱ የምትከፍሉት የንብረት ግብር ትልቁ ምንጭ ነው።

ታዲያ ፌዴራሉ በምን ኃይሉ ያዛል? በቀጥታ ማዘዝ አይችልም፤ ገንዘብ ሲሰጥ ግን ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። «ገንዘቡን ከፈለጋችሁ ይህን አድርጉ» ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 የአልኮል መጠጫ ዕድሜን 21 ያላደረገ ስቴት ከመንገድ ገንዘቡ 5 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል ብሎ ይህን መንገድ አጽድቋል። በ2012 ደግሞ በሜዲኬይድ ጉዳይ ቅጣቱ ስቴቱን ምርጫ የሚያሳጣ ከሆነ ግዴታ ነው፣ አይፈቀድም ብሏል። የትምህርት ሕጎቹ የቆሙት በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሕግ የ1965ቱ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በወጣትነታቸው ኮቱላ በምትባል የቴክሳስ ከተማ የድሃ ሜክሲኮዎችን ልጆች አስተምረዋል። ሕጉንም የፈረሙት ኤፕሪል 11 ቀን ልጅ ሳሉ ከተማሩበት አሮጌ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። ዛሬ ታይትል ዋን የምንለው ለድሃ ልጆች ትምህርት የሚሰጥ ድጎማ የመጣው ከዚህ ሕግ ነው። ስቴቶቹና ወረዳዎቹ ገንዘቡን በደስታ ተቀበሉ። በ1969 የወጣ አንድ ጥናት ግን ለድሃ ልጆች የተመደበው ገንዘብ በብዙ ቦታ ለአጠቃላይ ወጪ እንደዋለ አሳየ። እሺ ማለትና ማድረግ የተለያዩት ገና ከጅምሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2002 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር ማለት ነው። ሪፐብሊካኑ ቡሽና ዴሞክራቱ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ አብረው የሠሩት ሕግ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት በ381 ለ41፣ በሴኔት በ87 ለ10 አለፈ። ሕጉ እያንዳንዱ ስቴት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በንባብና በሒሳብ እንዲፈትን አዘዘ። እስከ 2014 ድረስ ከመቶ መቶው ተማሪ ማለፊያውን እንዲያመጣም ጠየቀ። የየዓመቱን ግብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሳተ የታይትል ዋን ትምህርት ቤት ልጆቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ይፈቅድ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ከሳተ በተጨማሪ ማስጠናት ይጀምር ነበር፤ እያለ ቅጣቱ ትምህርት ቤቱን እንደ አዲስ እስከ ማዋቀር ይሄድ ነበር።

ይህን ሕግ ሁሉም ያማዋል፤ ብዙው ሐሜትም ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ ነገሩን አከብራለሁ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት በአማካይ ይነገር ነበር፤ በአማካዩ ሥር ደግሞ ድሃው፣ ጥቁሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማረው ልጅ ይደበቅ ነበር። ሕጉ የእያንዳንዱን ቡድን ውጤት ለየብቻ አውጡ አለ። አንድ ቡድን ብቻ ግቡን ቢስት ትምህርት ቤቱ በሙሉ እንደሳተ ይቆጠር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አማን ነው ይባልባቸው የነበሩ ሀብታም ሰፈሮች ስለ እኛ ልጆች እንዲጠየቁ ሆነ። ቁጣው የመጣውም በከፊል ከዚህ ነው።

ፊት ለፊት እምቢ ካሉት ሁለቱን ልጥቀስ። ዩታ በ2005 ከፌዴራሉ ሕግ ይልቅ የስቴቱ የትምህርት ግብ ይቅደም የሚል ሕግ አወጣች፤ ገዥው ጆን ሃንትስማን ሜይ 2 ቀን ፈረሙበት። የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ስፔሊንግስ አስቀድመው 76 ሚሊዮን ዶላር ሊቀርባችሁ ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። የዩታ ሕግ በወረቀት ላይ ቆየ፤ ስቴቱ ግን ከፕሮግራሙ አልወጣም፣ ገንዘቡንም አልመለሰም።

ኮኔቲከት ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ፍርድ ቤት ሄደች፤ በዚህ ሕግ ላይ ክስ የመሠረተች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ፣ ዛሬ ሴናተር የሆኑት ሪቻርድ ብሉመንታል ነበሩ። ኮኔቲከት ለብዙ ዓመታት ልጆቿን በ4ኛ፣ በ6ኛና በ8ኛ ክፍል በጥሩ ፈተና ትፈትን ነበር። በየዓመቱ ፈትኑ ስትባል ተጨማሪውን ወጪ ማን ይችለዋል ብላ ጠየቀች፤ ያልከፈሉበትን አያዝዙም የሚል አንቀጽ በሕጉ ውስጥ አለ ብላም ተከራከረች። ክሱ በየእርከኑ እየተጓተተ በመጨረሻ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልቀበልም በማለቱ ቀረ። እስከዚያው ሦስተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ሰባተኛውም ክፍል ይፈተን ነበር። ከዚህ ክስ ውስጥ ብዙ ሰው የረሳውን አንድ ነገር ላንሳ፦ የኮኔቲከት የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒ፣ ከፌዴራሉ ጎን ቆሞ ክሱ ውስጥ ገባ። ስቴቱ ስለ ገንዘብና ስለ ሥልጣን ሲከራከር፣ የጥቁር ልጆች ወላጆች ደግሞ ልጆቻችን መቆጠራቸው እንዳይቀር አሉ። ይህን ሰልፍ በደንብ ተመልከቱት፤ እኛም ነገ በተመሳሳይ ክርክር ውስጥ የት እንደምንቆም መወሰን ሊኖርብን ይችላል።

እነዚህ ጮክ ብለው የተናገሩት ናቸው። አሁን ዝም ብለው ወደ መለሱት እንለፍ።

የመጀመሪያው የማለፊያ ነጥብ ነው። ሕጉ ሁሉም ልጅ ይለፍ ሲል ማለፊያውን የሚወስኑት ስቴቶቹ ናቸው አለ። መቶ በመቶ ማሳለፍ ግዴታ ሆኖ፣ ማለፊያውን መቁረጥ ደግሞ ለተጠያቂው ከተተወ ምን እንደሚመጣ ለመገመት አያስቸግርም። ሁሉንም ስቴቶች በአንድ መለኪያ የሚለካ ኔፕ የሚባል አገር አቀፍ የናሙና ፈተና አለ፤ ለግለሰብ ልጅ ውጤት አይሰጥም፣ ስቴትን ከስቴት ግን ያነጻጽራል። በ2005 ሚሲሲፒ ከ4ኛ ክፍል ልጆቿ 89 በመቶ የሚሆኑት በንባብ ብቁ ናቸው ብላ ሪፖርት አደረገች። በኔፕ ብቁ የተባሉት 18 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ግማሽ ያህል ልጆቿን ብቻ ብቁ ስትል ኔፕ 44 በመቶ አለ። ኔፕ ብቁ የሚለው ደረጃ ከፍ ያለ በመሆኑ ትንሽ ልዩነት ቢኖር አይገርምም። ነገር ግን የአንዷ ልዩነት 6 ነጥብ ያህል፣ የሌላዋ 71 ነጥብ ሲሆን፣ አንዷ ለወላጆቿ እውነቱን ነግራለች፣ ሌላዋ አልነገረችም ማለት ነው። በዚያ ዓመት የማሳቹሴትሷ ቦስተን ውስጥ ያለ ልጅ ወድቋል ተብሎ አስጠኚ ይፈለግለታል፤ ሚሲሲፒ ያለው እኩያው፣ እንደዚያኛው የሚያነብ ሆኖ ሳለ፣ አልፏል ተብሎ ይሸኛል። እናቱም ደስ ብሏት ወረቀቱን በር ላይ ትለጥፋለች።

ሁለተኛው የቡድን ቁጥር ነው፤ ይህን ከቤታችን አጠገብ ባለ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የሐበሻ ልጆች ብቻ ቢኖሩ የሁለት ልጅ ውጤት ማውጣት የልጆቹን ምስጢር ማውጣት ነው፤ ቁጥሩም አስተማማኝ አይሆንም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ቡድን ለብቻው የሚቆጠርበትን ዝቅተኛ የልጅ ቁጥር ስቴቶቹ ይወስኑ አለ። ሜሪላንድ 5 አለች። ቨርጂኒያ 50 አለች። እንግዲህ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ያን ጊዜ የነበረውን አስቡት። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚማሩ 5 ልጆች ካሉ ትምህርት ቤቱ ስለ እነሱ ይጠየቅ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ባለ ትምህርት ቤት 49 ካሉ እንደ ቡድን አይጠየቅባቸውም ነበር፤ ውጤታቸው በጠቅላላው ድምር ውስጥ ገብቶ ይቀልጥ ነበር። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የአንድ አገር ሕግ እያከበሩ ነበር። የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች በ2006 ቆጥረው እንዳወጡት በመላ አገሪቱ 1.9 ሚሊዮን ያህል ልጆች በዚህ ዓይነት መንገድ ከየዘር ቡድናቸው ስሌት ውጭ ሆነው ነበር። አብዛኞቹ ነጭ ያልሆኑ ልጆች ነበሩ። አንድም ስቴት እነዚህን ልጆች አንቆጥርም ብሎ አላወጀም፤ አንድ ቁጥር በአንድ መመሪያ ውስጥ ጻፈ፣ ያ በቃ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። መቶ በመቶ ላይ ለመድረስ 12 ዓመት ተሰጠ። ካሊፎርኒያ የአንደኛ ደረጃ የንባብ ግቧን በ13.6 በመቶ ጀምራ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያው አቆየችው፣ ቀጥሎ 24.4 አደረገችና ጥቂት ዓመት አቆመችው፤ ከ2008 ጀምሮ ግን በየዓመቱ ወደ 11 ነጥብ እየጨመረ በ2014 መቶ እንዲደርስ አቀደች። ወለዱን እየከፈለ ዋናውን ዕዳ ለልጁ እንደሚያስተላልፍ ተበዳሪ ማለት ነው። እቅዱን የጻፉት ሰዎች ያ ዓመት ሲደርስ ወይ ሕጉ ይለወጣል ወይ እኛ ቦታው ላይ አንኖርም ብለው ቢያስቡ አልተሳሳቱም፤ ሕጉም ተለወጠ።

ክፍል ውስጥ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ማለፍና መውደቅ ብቻ ሲቆጠር አስተማሪ ለማለፊያው ጥቂት በቀራቸው ልጆች ላይ ያተኩራል። በቺካጎ የተደረገ ጥናት መካከል ላይ ያሉት ልጆች ሲሻሻሉ በጣም ወደ ኋላ የቀሩት እንዳልተጠቀሙ አሳይቷል። አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር የተባለለት ሕግ ከሁሉ ኋላ ያለውን ልጅ እዚያው ተወው። አትላንታ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወንጀል ደረጃ ደረሰ፦ በ2011 የወጣው የስቴቱ ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 የትምህርት ባለሙያዎች ውጤት በማጭበርበር እንደተሳተፉ ገለጸ።

እኛን በቀጥታ የነካው ግጭት የተነሣው እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቨርጂኒያ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን በክፍላቸው ደረጃ ካለው የንባብ ፈተና ይልቅ የእንግሊዝኛ ችሎታን ብቻ በሚለካ ሌላ ፈተና ትለካቸው ነበር። ፌዴራሉ ያ ፈተና የክፍሉን ትምህርት አይለካም፣ አይተካም አለ። በ2007 መጀመሪያ የፌርፋክስ የትምህርት ቦርድ ልጆቹን ሊያነቡት በማይችሉት ፈተና አናስቀምጥም ብሎ ወሰነ። ዋሽንግተን 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልታስቀር እንደምትችል አስታወቀች፤ ቦርዱም በመጨረሻ ፈተናውን ለመስጠት ተስማማ።

በዚህ ጉዳይ ወላጆች ተከፋፍለው ነበር፤ እኔም ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የ6ኛ ክፍል ልጅ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ረጅም ምንባብ ሲሰጠው፣ ዝምታው ስለ ችሎታው ምንም አይናገርም። ፈተናው የሚለካው አገር ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ነው። ይህ ልጅን ማሸማቀቅ ነውና ፌርፋክስ ልክ ነበረ። በሌላ በኩል ያ ልጅ ከዓመት ዓመት ከዋናው ፈተና ውጭ ከሆነ፣ ኢሶል ክፍል ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ሲቀመጥ ሳይንሱና ሒሳቡ እያመለጠው መሆኑን የሚጠይቅ አይኖርም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለን ቤተሰቦች ይህን እናውቀዋለን። ፍርዴን ልናገር፦ ልጁ ይቆጠር፣ ነገር ግን መሻሻሉ ይቆጠርለት እንጂ በመጣ በዓመቱ በአንድ ማለፊያ አይፈረድበት። የ2015ቱ ሕግ በመጠኑም ቢሆን ወደዚህ አሳብ መጥቷል።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ ምዕራፍ አለ። ኮንግረስ ሕጉን በጊዜው ማደስ ስላቃተው 2014 ሲቃረብ አብዛኛው ትምህርት ቤት ወዳቂ ሊባል ሆነ። የኦባማ አስተዳደር በ2009 ሬስ ቱ ዘ ቶፕ የሚል የ4.35 ቢሊዮን ዶላር ውድድር ከፍቶ ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከሕጉ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። በሁለቱም በኩል ጥያቄው ተመሳሳይ ነበር፦ ከፍ ያለ የትምህርት ደረጃ ተቀበሉ፣ አስተማሪንም በተማሪው ውጤት ገምግሙ። ከ40 በላይ ስቴቶች ፈቃዱን ወሰዱ። ቴነሲ ከደላዌር ጋር የውድድሩ የመጀመሪያ አሸናፊ ሆና 500 ሚሊዮን ዶላር አገኘች፤ በዚያው ዓመት የፈተናዋን ማለፊያ ከፍ ስታደርግ በሒሳብ ያለፉት ልጆች ከ91 በመቶ ወደ 34 ወረዱ። ልጆቹ አልደነቆሩም፤ እውነቱ ተነገራቸው። ኮመን ኮር የተባለውን የጋራ የትምህርት ደረጃ ከ40 በላይ ስቴቶች ተቀብለው ነበር፤ ፖለቲካው ሲከር ኢንዲያናና ኦክላሆማ በ2014 ጣሉት። ኦክላሆማ በዚህ ምክንያት ፈቃዷን ተነጠቀች፣ ዓመቱ ሳያልቅም ተመለሰላት።

በ2012 ቨርጂኒያ በፈቃዱ መሠረት ያወጣችው ግብ ግን ሊረሳ አይገባም። በሒሳብ ይለፉ ተብለው የታቀዱት እስያውያን 82 በመቶ፣ ነጮች 68፣ ጥቁሮች 45፣ አካል ጉዳተኞች 33 ነበሩ። አስረጂዎቹ ግቡ ከየቡድኑ መነሻ ነጥብ የተሰላ ነው አሉ፤ ስሌቱ ይገባኛል። ነገር ግን በቅጹ ላይ ጥቁር ተብሎ የተመዘገበው ያንተ ልጅ፣ ያንቺ ልጅ፣ ገና ፈተናው ሳይሰጥ ግማሹ ሳያልፍ ቢቀር እንኳ ግባችን ተሳክቷል ይባልበታል ማለት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ጥቁር አባላት ተቃወሙ፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም አስተካክሉ አለ፤ ቨርጂኒያም ሁሉም ቡድን በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ግብ የሚደርስበትን እቅድ አወጣች። ይህ የሆነው ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ስለጮኹ ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ የእኛ ድምፅ ጎልቶ አልተሰማም።

ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በ2014 ሌላ ነገር አዩ። የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት አስተማሪን በስቴት ፈተና ውጤት የመገምገም ግዴታን አላጸድቅም አለ፤ የአስተማሪዎች ማኅበራትም አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። በዚህ ምክንያት ስቴቱ ፈቃዱን የተነጠቀ የመጀመሪያው ሆነ። ወዲያው አሮጌው የመቶ በመቶ ግብ ተመልሶ ከ10 ትምህርት ቤቶች 9 ያህሉ እንደ ወዳቂ ተቆጠሩ። ወላጆች ትምህርት ቤታችሁ ግቡን ስቷል የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ አንዳንድ ወረዳዎችም ይህን ምልክት እኛ አንቀበለውም የሚል ሌላ ደብዳቤ አያይዘው ላኩ። በአንድ ፖስታ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያነበበ ወላጅ ማንን ይመን?

ዲሴምበር 10 ቀን 2015 ኦባማ ኤሳ የተባለውን አዲስ ሕግ ፈረሙ፤ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው። የየዓመቱን ፈተና፣ የየቡድኑን ውጤትና ከተማሪው 95 በመቶ ይፈተን የሚለውን እንዳለ አቆይቷል። ግቡን፣ ቅጣቱንና የአስተማሪ ግምገማውን ግን ለስቴቶቹ መለሰ፤ የፌዴራሉ ኃላፊ የትምህርት ይዘት እንዳያዝዝም ከለከለ። ለእኛ ትልቁ ለውጥ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ከዓመት ዓመት የሚያሳዩት መሻሻል የትምህርት ቤቱ ምዘና ክፍል መሆኑ ነው። በማርች 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራሉን የትምህርት መሥሪያ ቤት ወደ መዝጋት የሚወስድ ትእዛዝ ፈረሙ። መሥሪያ ቤቱን በሕግ መዝጋት የሚችለው ኮንግረስ ነው፤ ኤሳም አልተሻረም። የሚጠይቀው ሲዳከም ግን የሚወስነው ይበረታል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ክብደቱ ወደ ቨርጂኒያና ወደ ሜሪላንድ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ሪችመንድና ወደ ባልቲሞር፣ እያዘነበለ ነው።

ይህ የግድ ክፉ ነው አልልም፤ ምክንያቴም ያችው ሚሲሲፒ ናት። 89 በመቶ ብላ ሪፖርት ያደረገችው ስቴት ከጊዜ በኋላ ፈተናዋንና ማለፊያዋን አስተካከለች። በ2013 የራሷ ምክር ቤት የንባብ ሕግ አወጣ። የታችኛው ክፍል አስተማሪዎች ፊደልን ከድምፁ ጋር አያይዞ ማንበብን ስለ ማስተማር እንደ አዲስ ሠለጠኑ፤ ደካማ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶች አስተማሪን ክፍል ውስጥ ገብተው የሚያግዙ የንባብ ባለሙያዎች ተላኩ፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 3ኛ ክፍልን እንዲደግም ተደረገ። በ2013 በ4ኛ ክፍል ንባብ ከአገሪቱ መጨረሻ አካባቢ የነበረች ስቴት በ2019 ከአማካዩ ጋር እኩል ሆነች፣ በ2024 አለፈችው። ክፍል ማስደገሙ ያከራክራል፤ በ8ኛ ክፍል የታየው ለውጥም ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን ዋሽንግተን በአሥራ ሁለት ዓመት ማስፈራሪያ ያላመጣችውን ውጤት አንድ ድሃ ስቴት ገንዘቧንና አሳቧን አስተማሪው ላይ ስታደርግ አመጣችው። ያን ጊዜ የሚሲሲፒን ትምህርት የመሩት ኬሪ ራይት ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የሜሪላንድን ትምህርት ወደ መምራት መጥተዋል። ሜሪላንድም በ2024 የራሷን የንባብ ፖሊሲ አጽድቃለች፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 3ኛ ክፍልን ይድገም ወይስ እየታገዘ ይለፍ በሚለው ላይ ወላጅ የሚጠየቅበት ፖሊሲ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ የትንንሽ ልጆች ወላጆች ይህን ከአሁኑ እወቁት፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር። ልጅ ስታስመዘግቡ በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው ተብላችሁ ስትጠየቁ እውነቱን ጻፉ። ልጄ ኢሶል ይገባብኛል ብለው እንግሊዝኛ የሚሉ አሉ፤ ያ ልጅ ከድጋፉም ከቆጠራውም ይወጣል። የትምህርት ቤታችሁን የስቴት ሪፖርት ካርድ በድረ ገጹ ላይ ክፈቱና ከአማካዩ ወርዳችሁ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች የሚለውን መስመር ፈልጉ። ቁጥር ከሌለ ለምን እንደሌለ ርእሰ መምህሩን ጠይቁ። በሞንትጎመሪም በፌርፋክስም የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ጠይቁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስቴቱ እቅዱን ሲያወጣ ለሕዝብ አስተያየት ቢያንስ 30 ቀን ክፍት እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድደዋል። ግቡና የቡድኑ ቁጥር የሚወሰኑት በዚያ ጊዜ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድራችን ከአስተማሪዎቻችንና ከወጣቶቻችን ሁለት ሦስት ሰው መርጠን ያን ሰነድ እናስነብብ፤ አስተያየታችንንም በስማችን ፈርመን ቀኑ ሳያልፍ እናስገባ።